የመንግሥት ደንና የአስተዳደር ዕቅድ፤ የሕጉ ግዴታና የአፈጻጸሙ ርቀት

በኢትዮጵያ የደን ሕግ መሠረት በመንግሥት ይዞታ ሥር ያለ ደን ተለይቶ እንዲታወቅ፣ ወሰኑ እንዲከለልና እንዲመዘገብ፣ ከዚያም በጸደቀ የአስተዳደር ዕቅድ እንዲመራ ይጠበቃል። እነዚህ ግዴታዎች በአዋጁ ላይ ተከታትለው የተቀመጡ ቢሆኑም በመሬት ላይ ግን እኩል ሲራመዱ አልታዩም። የብዙዎቹ ደኖች ስም ይታወቃል፤ ወሰናቸው በከፊል ይታወቃል፤ ዕቅዳቸው ግን ወይ ጨርሶ አልተዘጋጀም፣ ወይ ተዘጋጅቶ ሳይጸድቅ ቀርቷል፣ አለዚያም ጸድቆ ዘመኑ አልፎበታል።

ጉዳዩን የቢሮ ሰነድ ጉዳይ አድርጎ ማየት የተለመደ ነው። ይሁንና በደን ዳር ለሚኖር አርሶ አደር ዕቅዱ መኖርና አለመኖሩ በቀጥታ የሚነካው ነገር አለ። የወደቀ እንጨት ለቅሞ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሕጋዊ ተጠቃሚ ሆኖ ይቆጠራል ወይስ ደን በማውደም ይጠየቃል የሚለውን የሚወስነው በመጨረሻ ይኸው ሰነድ ነውና።

የደን ጥበቃ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አለመሆኑ ይታወቃል። የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንዲለማ መደረጉ በትውፊት ሲነገር ኖሯል። በዘመናዊ የሕግ መልክ ግን የመጀመሪያዎቹ ዋና ዋና ድንጋጌዎች በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ የወጡት አዋጅ ቁጥር 225፣ 226 እና 227 ናቸው። እነዚህ አዋጆች የመንግሥት ደንን፣ የግል ደንንና ለአፈርና ለውኃ ጥበቃ ሲባል የሚከለልን ደን ለይተው የሚመለከቱ ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ሲታወጅ የግል ደን ይባል የነበረው ይዞታ መሠረቱ ተናጋ፤ ሰፋፊዎቹ ደኖችም በመንግሥት እጅ ገቡ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት 58 ደኖች ብሔራዊ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ደኖች ተብለው ተለዩ። ሙኔሳ ሻሸመኔ፣ አዳባ ዶዶላ፣ በለጠ ጌራ፣ ቦንጋ፣ ጭሊሞና መናገሻ ሱባ ከእነዚሁ መካከል የሚጠቀሱ ናቸው። ለተወሰኑት ቆጠራ ተካሂዶ የአስተዳደር ዕቅድ እስከ ማዘጋጀት ተደርሶ ነበር። ነገር ግን አብዛኞቹ ወሰናቸው በሕግ ተመዝግቦ አልጸናም። ካርታው በአንድ ቢሮ፣ የቆጠራው ውጤት በሌላ ቢሮ እንደተቀመጠ የመንግሥት ለውጥ መጣ። በ1983 ዓ.ም. በነበረው የሽግግር ወቅት በደኖች ላይ ከፍተኛ ጉዳት ሲደርስ፣ በሕግ የተመዘገበ ወሰን ባለመኖሩ የትኛው መሬት የደን፣ የትኛው የእርሻ እንደነበረ ለማስረዳት አስቸጋሪ የሆነባቸው አካባቢዎች ጥቂት አልነበሩም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ለጉዳዩ ጽኑ መሠረት ሰጥቶታል። በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት እንዲሁም የተፈጥሮ ሀብት የባለቤትነት መብት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው። አንቀጽ 51 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምና ጥበቃን የሚመለከት ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት ሲሰጥ፣ አንቀጽ 52 ደግሞ በዚሁ ሕግ መሠረት የማስተዳደሩን ሥራ ለክልሎች አስቀምጧል። አንቀጽ 92 የአካባቢ ጥበቃ ፖሊሲና ፕሮግራም ሲቀረጽና ሲፈጸም የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ ያዛል። በመሆኑም የአንድ ደን የአስተዳደር ዕቅድ በሦስት ወገን የተያዘ ሰነድ ነው ማለት ይቻላል፤ ደረጃውን የፌዴራል ሕግ ያወጣለታል፣ ክልል ያጸድቀዋል፣ ነዋሪው ደግሞ በዝግጅቱ ሊመከርበት ይገባል።

ከሕገ መንግሥቱ ቀደም ብሎ የወጣው አዋጅ ቁጥር 94/1986 ደኖችን በመንግሥት፣ በክልልና በግል ከፍሎ፣ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጽድን የመሳሰሉ አገር በቀል ዛፎች ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ ለይቶ የከለከለ ነበር። እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 542/1999 ባለቤትነቱን በመንግሥትና በግል ብቻ ወሰነ፤ የመንግሥት ደኖች የሚጠበቁና ምርት የሚሰጡ ተብለው እንዲለዩ፣ ወሰናቸውም የአካባቢው ኅብረተሰብ በተሳተፈበት ሁኔታ እንዲከለል ደነገገ። የደን ምርት ሊሰበሰብ የሚችለውም በአስተዳደር ዕቅድ መሠረት ብቻ እንዲሆን አደረገ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሊመረመር የሚገባ ነጥብ አለ። የ1999ኙ አዋጅ የአካባቢው ኅብረተሰብ ከመንግሥት ደን ሣር እንዲያጭድ፣ የወደቀ እንጨት እንዲሰበስብና ለመድኃኒት የሚሆኑ ዕፀዋትን እንዲጠቀም ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ፈቃዱ የተሰጠው ለደኑ የተዘጋጀውን የአስተዳደር ዕቅድ ተከትሎ እንዲሠራበት ነው። በሌላ በኩል ዛፍ መቁረጥ፣ ከብት ማሰማራት፣ በደኑ ውስጥ መስፈርና መጋዝን የመሰለ መቁረጫ ይዞ መገኘት ያለ ጽሑፍ ፈቃድ የተከለከሉ ሲሆን፣ የክልከላው ተፈጻሚነት በዕቅድ መኖር ላይ የተመሠረተ አልነበረም። ዛፍ የቆረጠ ሰው ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስራት ሊቀጣ ይችል ነበር። ስለዚህ ዕቅድ ባልተዘጋጀለት ደን ውስጥ ክልከላው ሙሉ በሙሉ ሲሠራ፣ መብቱ ግን የሚመራበት ሰነድ በማጣት ተንጠልጥሎ ይቀራል። ዕቅዱን የማዘጋጀት ግዴታ የመንግሥት አካል ሆኖ ሳለ፣ ያለመዘጋጀቱን ጉዳት የሚሸከመው ነዋሪው ይሆናል ማለት ነው። ሕግ አውጪው ይህን አስቦ አደረገው ማለት ያስቸግራል፤ ውጤቱ ግን ይኸው ነበር።

ጥር 2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065/2010 በዚህ ረገድ ትርጉም ያለው ለውጥ አምጥቷል። በሥራ ላይ ያለው ይህ አዋጅ ለአራት ዓይነት የደን ባለቤትነት ዕውቅና ይሰጣል፤ እነርሱም የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ናቸው። አሳታፊ የደን አስተዳደርም በሕግ ደረጃ ቦታ አግኝቷል። ከዚህ ቀደም በፕሮጀክት ስምምነት ብቻ ይተዳደር የነበረ የመንደር ማኅበር አሁን በአዋጅ የተደገፈ ባለመብት መሆን ይችላል። ሆኖም መብቱ ከወረቀት ወርዶ ሊጨበጥ የሚችለው ደኑ ከአራቱ በየትኛው እንደሚመደብ ሲታወቅ፣ ወሰኑ ሲከለልና አጠቃቀሙ በዕቅድ ሲቀመጥ ነው። ከዚህ አኳያ የቀድሞው ችግር ጠበበ እንጂ አልተወገደም።

ለመሆኑ የአስተዳደር ዕቅድ የሚባለው ሰነድ ምን ይይዛል? በሥራው ዓለም «ማኔጅመንት ፕላን» በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ሰነድ ከሁሉ አስቀድሞ ቆጠራ ይፈልጋል። በደኑ ውስጥ ምን ዓይነት ዛፍ፣ በምን ያህል ውፍረትና ቁመት፣ በየትኛው ተዳፋት ላይ እንደሚገኝ፣ ከሥር የሚተካው ችግኝ ምን ያህል እንደሆነ በናሙና ቦታዎች ይለካል። ቀጥሎ ደኑ በአገልግሎቱ ይከፈላል፤ ለምንጭና ለዳገት ጥበቃ ጨርሶ የማይነካ፣ ለተወሰነ ጥቅም የሚውል፣ እንጨት የሚመረትበት ተብሎ ይለያል። ከዚያም በየዓመቱ ሊወሰድ የሚችለው መጠን ይሰላል።

ይህ ስሌት በተተከለ ደን ላይ ቀላል ነው። ለምሳሌ 3000 ሄክታር የፈረንጅ ጽድ ተክሎ በ25 ዓመት ለምርት የሚያደርስ ድርጅት፣ ደኑ በማያቋርጥ ሁኔታ እንዲቀጥል ከፈለገ በዓመት ሊቆርጥ የሚችለው በአማካይ 120 ሄክታር ብቻ ነው፤ የቆረጠውንም በዚያው ዓመት መልሶ መትከል ይኖርበታል። ገበያው ሲደራ 200 ሄክታር ቢቆርጥ የዓመቱ ገቢው ይጨምራል፤ ይሁንና ከዐሥርና ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ ለምርት ያልደረሰ ዛፍ ብቻ ይዞ ይቀራል። በተፈጥሮ ደን ላይ ግን እንዲህ ያለ ማካፈል አይሠራም። ዝግባና ጽድ የሚያድጉት በዝግታ ነው፤ በአንድ ሄክታር ውስጥ የተለያየ ዕድሜና ዝርያ ተቀላቅሎ ይገኛል። ስለዚህም የተፈጥሮ ደን ዕቅድ የእንጨት መጠን ከመወሰን ይልቅ የማገዶን፣ የግጦሽን፣ የማርን፣ የቅመማ ቅመምንና የቡናን አጠቃቀም ወደ መወሰኑ ያደላል።

የደቡብ ምዕራቡ የቡና ደን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በካፋ፣ በሸካ፣ በያዩና በአካባቢያቸው ቡና የሚበቅለው በደን ጥላ ሥር ነው። ቡናው በተሻለ ሁኔታ እንዲያፈራ አርሶ አደሩ በየዓመቱ ከሥሩ ያለውን ቁጥቋጦ ይመነጥራል፤ የጥላውንም መጠን ያሳሳል። ከሩቅ ወይም ከሳተላይት ለሚያይ ሰው ደኑ እንደነበረ ነው። ነገር ግን ከቁጥቋጦው ጋር አብሮ የሚመነጠረው የነገው ትልቅ ዛፍ ችግኝ ነው። አሮጌዎቹ ዛፎች ሲወድቁ የሚተካቸው አይኖርም። እንዲህ ያለውን ቀስ ብሎ የሚመጣ ጉዳት የደን ጠባቂ ዘብ አያስቆመውም፤ ማንም ሰው በአንድ ቀን ዛፍ አልቆረጠምና። ሊያስቆመው የሚችለው በየስንት ሜትሩ ምን ያህል ችግኝ ሳይመነጠር እንዲቀር የሚወስን፣ አርሶ አደሩም ተስማምቶ የፈረመበት ዕቅድ ነው።

በዚሁ አካባቢ ካፋና ያዩ በ2002 ዓ.ም.፣ ሸካ በ2004 ዓ.ም.፣ መጃንግ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆነው ተመዝግበዋል። የባዮስፌር ክልል ጥብቅ ማዕከል፣ መከላከያ ቀጣናና የልማት ቀጣና እየተባለ ይከፈላል። ይህ አከፋፈል ከደን አዋጁ ምደባ ጋር ተመሳሳይነት ቢኖረውም አንድ አይደለም። አንዱ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ሲሆን ሌላው የአገር ሕግ ነው። ሁለቱ ካርታዎች በአንድ ዕቅድ ካልታረቁ፣ በአንደኛው የማይነካ የተባለ ቦታ በሌላኛው ምርት የሚሰጥ ሊባል ይችላል። ለቡናና ለሻይ ልማት መሬት የሚጠይቅ ባለሀብት ሲመጣ ደግሞ ሦስተኛ ካርታ ይጨመራል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጉልህ የአካባቢ ተፅዕኖ ያለው ፕሮጀክት ያለ ተፅዕኖ ግምገማና ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር ያስገድዳል። ይሁንና ገምጋሚው መሬቱ ለምን ዓላማ ተለይቶ እንደነበር የሚያይበት የጸደቀ የደን ዕቅድ ከሌለ፣ ግምገማው የሚካሄደው ባለሀብቱ በሚያቀርበው መረጃ ላይ ተደግፎ ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016ም ከደን ሕጉ ጋር ጎን ለጎን ሊነበብ የሚገባው ነው፤ የወል መሬት ነው የተባለው ተራራ የደን መሬት ሊሆን የሚችልበት አጋጣሚ ብዙ ነውና።

ዕቅድ ከሕዝብ ጋር ሲዘጋጅ ምን ውጤት እንደሚሰጥ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጭሊሞና በቦንጋ፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ደግሞ በአዳባ ዶዶላ የተሞከረው አሳታፊ የደን አስተዳደር በቂ ትምህርት የሚሰጥ ነው። የአዳባ ዶዶላው አሠራር በተለይ ሊጠቀስ ይገባዋል። በደኑ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች «ዋጂብ» በሚባል የደን ነዋሪዎች ማኅበር ተደራጁ። አንድ ማኅበር ከ30 አባወራ እንዳይበልጥ፣ ለአንድ አባወራ የሚታሰበውም ደን 12 ሄክታር ያህል እንዲሆን ተደረገ፤ ደኑ ሊሸከመው የሚችለው የሰው ቁጥር በቅድሚያ ተሰልቶ ነበርና። ወሰኑ በጋራ ተከለለ፤ በስምምነቱ ቀን የነበረው የደን ሽፋን መነሻ ሆኖ ተመዘገበ። ኪራዩ የሚከፈለው ደግሞ በደን ላልተሸፈነው መሬት ነበር። የደኑ ሽፋን ሲሰፋ የሚከፈለው ይቀንሳል፤ ደኑ ሲመነጠር ይጨምራል። ዘብ በመቅጠር የማይገኘውን ጥበቃ በእንዲህ ያለ ቀላል ሒሳብ ማግኘት እንደሚቻል የታየበት አሠራር ነው።

በእርግጥ ሁሉም ነገር የተሟላ አልነበረም። ለ30 አባወራ የተወሰነ ማኅበር ከ30 በላይ የሆኑትን ከውጭ ያስቀራል። ልጆች ሲያድጉና ጎጆ ሲወጡ ቁጥሩ ይጨምራል፤ ደኑ ግን አይጨምርም። ዕቅዱ በየጊዜው መከለስ ያለበት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። የውጭ ድጋፍ ሰጪ ድርጅት ፕሮጀክቱን ጨርሶ ሲሄድ ክለሳውን ማን በጀት መድቦ ያካሂደው የሚለው ጥያቄ በብዙ ቦታዎች ሲነሣ ይሰማል።

አገር በቀል ሥርዓቶችም በዕቅድ ዝግጅት ወቅት ተገቢውን ቦታ ማግኘት አለባቸው። በሰሜን ሸዋ መንዝ የሚገኘው የጓሳ ሣር መሬት ደን ባይሆንም የሚያስተምረው አለው። ጓሳ «ቄሮ» በሚባል ባህላዊ ደንብ ለብዙ መቶ ዓመታት ተጠብቆ የቆየ ነው። ሕዝቡ በመረጣቸው አለቆች አማካይነት መሬቱ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሣሩ ሲደርስ ለተወሰነ ጊዜ ይከፈት ነበር፤ በተዘጋበት ወቅት የገባ ይቀጣል። የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ጊዜ፣ ተጠቃሚውና ቅጣቱ ሁሉ የተወሰነ በመሆኑ፣ በዛሬ ቋንቋ ቢጻፍ የአስተዳደር ዕቅድ ከመባል የሚያንስ አልነበረም። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ግን ሥርዓቱ የቆመበት የመሬት መብት ሲነሣ ደንቡም አብሮ ተዳከመ። በካፋና በሸካ ደግሞ «ኮቦ» የሚባለው ልማድ ቀፎ የሚሰቀልበትን የደን ቁራጭ ባለመብት ለይቶ የሚያሳውቅ ነው። ባለሙያ ካርታ ሲያነሣ ባዶ የመንግሥት ደን መስሎ የሚታየው ቦታ ለመንደሩ ሰው ባለቤቱ ተለይቶ የሚታወቅ ነው። ይህን ሳይመዘግብ የሚጸድቅ ዕቅድ ወሰን በሚተከልበት ዕለት ክርክር ይገጥመዋል።

የእሳት አደጋም የዕቅዱ አካል ነው። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ደኖች ላይ በተነሣው ሰደድ እሳት ከመቶ ሺህ ሄክታር በላይ መሬት መቃጠሉና እሳቱን ለማጥፋት ከውጭ አገር ጭምር እርዳታ መምጣቱ ይታወሳል። በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችና ተማሪዎች በቅጠልና በአፈር ሲታገሉ በወቅቱ ጎልቶ የታየው እጥረት የሰው ጉልበት አልነበረም። የእሳት መከላከያ መስመር፣ የመግቢያ መንገድ፣ የውኃ ቦታ፣ ማን ማንን እንደሚያዝ የሚገልጽ አስቀድሞ የታሰበ ነገር አለመኖሩ ነበር። እነዚህ ሁሉ በአንድ የደን ዕቅድ ውስጥ ጥቂት ገጾችን ብቻ የሚወስዱ ናቸው።

ሌላው መታየት ያለበት ጉዳይ «ደን» የሚለው ቃል ራሱ በ2007 ዓ.ም. አዲስ መለኪያ የተሰጠው መሆኑ ነው። በዚህ መለኪያ መሠረት ደን የሚባለው ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋትና 20 ሜትር የጎን ስፋት ያለው፣ ዛፎቹ ወይም ቀርከሃው ቢያንስ 2 ሜትር የሚደርስና ቢያንስ 20 በመቶውን መሬት በቅርንጫፍ የሚሸፍን ነው። ቀድሞ የቁመቱ መለኪያ 5 ሜትር ነበር። መለኪያው ወደ 2 ሜትር ዝቅ በማለቱ የቆላው ጫካ በብዛት ወደ ደን ምድብ ገባ። ኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. ለተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ኮንቬንሽን ባቀረበችው መነሻ ሰነድ የአገሪቱ የደን ስፋት 17 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ፣ ይኸውም ከአጠቃላይ የቆዳ ስፋቷ 15.5 በመቶ ያህል ሆኖ ተመዝግቧል። በዚያው ሰነድ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት በአማካይ በየዓመቱ 92 ሺህ ሄክታር ደን ሲጠፋ፣ መልሶ የተገኘው 19 ሺህ ሄክታር ገደማ እንደነበር ተመልክቷል።

የመለኪያው ለውጥ ለካርቦን ስሌትና ለድጋፍ ፍለጋ ጠቃሚ እንደነበር አያጠራጥርም። ነገር ግን ከእርሱ ጋር ሌላ ነገር አብሮ መጣ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በጋምቤላና በሌሎችም ቆላማ አካባቢዎች ትናንት የከብት ግጦሽ፣ የዕጣን መልቀሚያ ወይም ለእርሻ የታሰበ ቦታ ተብሎ ይታይ የነበረ መሬት ዛሬ ደን ነው። ደን ከሆነ ደግሞ የደን ሕጉ ግዴታ ሁሉ ይከተለዋል። ለ58ቱ ደኖች እንኳ ዕቅድ አዘጋጅቶ ለማጽደቅ ዐሥርት ዓመታት ያልበቃው አሠራር፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሄክታር የቆላ ደን ሲጨመርበት ሥራው ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

ለመዘግየቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የመሥሪያ ቤቶች መቀያየር ነው። የደን ዕቅድ በባሕርዩ ረጅም ዕድሜ ያለው ነው፤ ዐሥር ዓመት ለደን አጭር ጊዜ ነው። በፌዴራል ደረጃ ደንን የሚመራው አካል ግን በ2005 ዓ.ም. የአካባቢ ጥበቃና ደን ሚኒስቴር ሆኖ ተቋቋመ፤ በ2008 ዓ.ም. የአየር ንብረት ለውጥን ጨምሮ ስሙ ሰፋ፤ በ2011 ዓ.ም. ወደ ኮሚሽንነት ወረደ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የአካባቢ ጥበቃው ተለይቶ የደኑ ሥራ ለግብርና ሚኒስቴር ተጠሪ በሆነው የኢትዮጵያ ደን ልማት ሥር ሆነ። እያንዳንዱ ለውጥ የራሱ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። በክልልና በወረዳም መዋቅሩ ይህንኑ እየተከተለ ሲለዋወጥ ባለሙያው ከአንዱ ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላው ይዛወራል፤ የቆጠራ መረጃው፣ ካርታውና የተፈረመው ስምምነት ግን ሁልጊዜ አብሮት አይሄድም። በጀቱም እንዲሁ ነው። ችግኝ ለመትከል በጀት ማግኘት ከቆጠራ ይልቅ ይቀላል፤ ችግኝ ይታያል፣ ቆጠራ አይታይምና።

የሌሎች አገሮች ልምድ ሲታይ ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አለመሆኑን መረዳት ይቻላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የብሔራዊ ደኖች አስተዳደር ሕግ ለእያንዳንዱ ብሔራዊ ደን ዕቅድ እንዲዘጋጅና ቢያንስ በየ15 ዓመቱ እንዲከለስ ያስገድዳል። ይህን ያህል ባለሙያና ገንዘብ ያለው አገር እንኳ በርካታ ዕቅዶቹ ከተወሰነው ጊዜ አልፈው ሳይከለሱ ቆይተዋል። ልዩነቱ የሚታየው ሌላ ቦታ ላይ ነው። በዚያ አገር ዕቅዱን የጣሰ ውሳኔ በፍርድ ቤት ሊሻር ስለሚችል የደን አገልግሎቱ ሰነዱን ችላ ሊለው አይችልም። ጎረቤት ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ የሕዝብ ደኖች በአስተዳደር ዕቅድ እንዲመሩና የአካባቢ የደን ማኅበራት በስምምነት እንዲሳተፉ አድርጋለች። በኢትዮጵያ ያለው የሕግ ቃል ከእነዚህ እጅግ የራቀ አይደለም። የጎደለው ዕቅድ ባለመዘጋጀቱ የሚጠየቅ አካል በግልጽ አለመታወቁ ነው። ዛፍ የቆረጠ ሰው የሚቀጣበት አንቀጽ አለ፤ ዕቅድ ያላዘጋጀ ጽሕፈት ቤት የሚጠየቅበት መንገድ ግን ግልጽ ሆኖ አይታይም።

ይህ ሁሉ በአሁኑ ወቅት ይበልጥ አጣዳፊ የሚሆንበት ምክንያት አለ። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር፣ በተለይም ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኞች መተከላቸው ከተገለጸ ወዲህ፣ በየዓመቱ ክረምት ሰፊ የወል ተራራና የተራቆተ መሬት በችግኝ ሲሸፈን ቆይቷል። ብዙው መሬት የማንም ግለሰብ ያልሆነ ነው። ችግኙ በሚተከልበት ቀን የሚነሣው ጥያቄ ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ የሚል ነው። ከተከላው ጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ሌሎች ጥያቄዎች ይመጣሉ። ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለው ቁጥቋጦ መሳሳት አለበት፤ የሚሳሳውን አጣና ማን ይወስደዋል? በዛፎቹ መካከል የበቀለው ሣር ለማን ከብት ይታጨዳል? ተራራው በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 መሠረት የመንግሥት ደን ነው፣ የማኅበረሰብ ነው ወይስ በአካባቢው የተደራጁ ወጣቶች ማኅበር?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ መስጠት እንደ ትልቅ የተፈጥሮ ደን ቆጠራ ከባድ አይደለም። መሬቱ አነስተኛ፣ ዝርያዎቹ ጥቂት፣ የተተከሉበት ዓመት የሚታወቅ ነው፤ የወረዳ ባለሙያ ከቀበሌው ሽማግሌዎችና ከወጣቶቹ ጋር ተቀምጦ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወሰኑን በመለኪያ መሣሪያ ሊያነሣ፣ ምደባውን ሊያስወስንና የአጠቃቀም ደንቡን ሊጽፍ ይችላል። በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. በባሕር ዛፍና በፈረንጅ ጽድ የለሙ ቦታዎች የመጀመሪያው ማሳሳት የሚደርስባቸው ዓመታት አሁን ያሉት ናቸው። መጥረቢያው ከዕቅዱ ቀድሞ ከገባ የሚሆነው በ1983 ዓ.ም. ታይቷል።